ቁስሌ ላይ የተነሰነሰው ቡና

ቅልጥሜ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጠባሳ አለ። የገጀራ ነው። ጅማ አጠገብ፣ ማና፣ አክስቴ ማሳ ውስጥ ቡናው ሥር ያለውን ቁጥቋጦ ስመነጥር ገጀራው ጉቶ መትቶ ነጠረና እግሬ ላይ አረፈ።

አክስቴ የተወቀጠ ቡና በእፍኟ ይዛ ሮጣ መጣች። እኛ አገር ደም ሲፈስ መጀመሪያ የሚታሰበው ቡና ነው። ነሰነሰችበትና በሻሿ ጥፍር አድርጋ አሰረችው። ደሙ ቆመ። "አየህ አይደል?" አለችኝ። እኔም ቡናው ነው ብዬ አመንኩ። ያቆመው ሻሹ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

በማግስቱ ጎረቤቷ የሆኑ አባት የቢሳና ቅጠል ይዘው መጡ። በኦሮምኛ መካኒሳ የሚባለው ዛፍ ነው። ቅጠሉን በመዳፋቸው አሹትና ቡናው ላይ ጨመሩበት። "አይዞህ ልጄ፣ በሦስት ቀን ትረሳዋለህ" አሉኝ። ከከብት በረት ነበር የመጡት። እጃቸውን አልታጠቡም፤ እኔም ታጠቡ ለማለት አፈርኩ። አክስቴ ደግሞ ምች እንዳይመታኝ ብላ ፀሐይ ከለከለችኝ፣ ዳማከሴም በቡና አጠጣችኝ። እሱ እንኳን ደስ ብሎኛል።

በሦስተኛው ቀን እግሬ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ዙሪያው ቀላ፣ ሸተተ፣ ብሽሽቴ ላይ ንፍፊት ወጣ። በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

ሲስተሯ ሻሹን ፈትታ አየችኝ። "ምነው፣ ቡና አፍልተህበታል እንዴ?" አለች። ቡናው ከደምና ከመግል ጋር ደርቆ እንደ ሸክላ ሆኗል። በጨው ውሃ እያራሰች፣ በጎዝ እየፈገፈገች ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። ከሥሩ የወጣውን ያየሁት እኔ ነኝ፤ የቅጠል ጅማት፣ አፈር፣ ቢጫ መግል። በመጀመሪያው ቀን መጥቼ ቢሆን ይሰፋ ነበር፤ መግል የያዘ ቁስል ግን ክፍቱን ይተዋል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ወጋችኝ። ጀርሙ አፈርና እበት ውስጥ ይኖራል፤ በሽታው የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 21 ቀን ቆይቶ ነው። ቁስሉ ከላይ ቢደርቅም ሰውዬው ሊታመም ይችላል።

ታዲያ ቢሳና ውሸት ነው? አይደለም። የቅጠሉን ጭማቂ በቤተ ሙከራ አጣርተው በአይጦች ቁስል ላይ ሞክረው ጥሩ ውጤት ያገኙ ተመራማሪዎች አሉ። ግን ያ ተጣርቶ፣ ተመጥኖ፣ በንጹሕ ቁስል ላይ የተቀባ ነው። የእኔው በረት ደርሶ የመጣ ነው። በዚያ ላይ ቡናውም ቅጠሉም ቁስሉን ስለሸፈኑት ሲመግል አላየነውም።

ሌላው የተሳሳትኩት "አየር ይንካው፣ ይድረቅ" ማለቴ ነው። እንግሊዝ አገር ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማዎች ላይ ባደረገው ሙከራ፣ በስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እርጥበቱ የተጠበቀ ቁስል ለአየር ክፍት ከተተወው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ አብቅሏል። እኔም ከዚያ በኋላ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ አጥቤ፣ ቫዝሊን የተቀባ ጎዝ አድርጌ በፋሻ ሸፈንኩት። አምስት ሳምንት ፈጀ።

እፅዋት እርም አላልኩም። ከወራት በኋላ የጀበና ፍል ውሃ ክንዴ ላይ ፈሰሰ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ አንዷ ሊጥ። እምቢ ብዬ 20 ደቂቃ ሙሉ ቧንቧ ሥር ቆምኩ። ከዚያ ነው ወደ እሬቱ የሄድኩት። ቅጠሉን ቆርጬ ቢጫው ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ አቆምኩት። ይሄን ደረጃ አትዝለሉ፤ ቢጫው ቆዳ ያሳክካል፣ ያቆጣል፤ እኔ ሌላ ጊዜ ዘልዬው ቀምሻለሁ። ከዚያ አጥቤ፣ ልጬ፣ መሐሉ ያለውን መስታወት የመሰለ ዝልግልግ ብቻ ቀባሁ። ቀዘቀዘኝ። ቆዳዬ ውሃ አልቋጠረም፣ አልተላጠም፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀላል ቃጠሎ እሬት ይሠራል። ለተከፈተና ለጠለቀ ቁስል ግን አላስጠጋውም።

ማርም ይነሳል፣ ያውም በጅማ። ሐኪሞች ቁስል ላይ የሚያደርጉት ማር አለ፤ እሱ ግን በጨረር ጀርሙ የተገደለ ነው። የገበያውን ማር በዳቦ እበላዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን አክስቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ጣቷን ቆረጠች። ሳሙና አቀበልኳት፤ ሳትከራከር ታጠበች። ፋሻ ላመጣ ጓዳ ገብቼ ስመለስ ጣቷ ላይ ቁንጥር ቡና አለ። "ትንሽ ነው" አለችኝ።