ብላቴን ጌታን ፍለጋ ወደ ባዝ

እህቴ የምትኖረው ለንደን ነው። እሷን ልጠይቅ ሄጄ፣ በሁለተኛው ሳምንት ብቻዬን ከፓዲንግተን ጣቢያ ባቡር ተሳፈርኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዤ ሰመርሴት ውስጥ ባዝ ከተማ ስወርድ ያካፋል። "ለምን ባዝ?" ብላኝ ነበር እህቴ ጠዋት። ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ቤት ልየው ብዬ ነው አልኳት። ልቤ ግን ከጃንሆይ ይልቅ እዚያው ቤት ካረፉት ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጋር ነበር።

ይህን ያመጣው አባቴ ነው። ብላቴን ጌታ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት "የሕይወት ታሪክ" ፎቶ ኮፒው በካኪ ወረቀት ተሸፍኖ ቤታችን ነበር። ርዕሱ ሲቀጥል "በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ" ይላል፤ ያለፉ ሰዎችን ታሪክ በአጭር በአጭሩ የያዘ መጽሐፍ ነው። አባቴ ማታ ማታ፣ ከእራት በኋላ፣ አንድ አንድ ሰው ያስነብበኝ ነበር። ያኔ "የሚነሡ ልጆች" የተባልኩት እኔ ራሴ ይመስለኝ ነበር።

ባዝም ማስታወሻ ጽፋለች፤ የጻፈችው ግን ግድግዳዋ ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ታዋቂ ሰዎች የኖሩባቸው ቤቶች ላይ ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ይለጠፋል፤ ሥራው የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1866 ነው። የባዝ የቆዩት ሰሌዳዎች ግን ነሐስ ናቸው። የከተማዋ ቤቶች የተሠሩበት ድንጋይ ማር ይመስላል፤ ነሐሱ ከላዩ ሲያርፍ አይጮህም፣ ቀረብ ብለህ ካላነበብክ ያልፍሃል። ሲድኒ ፕሌስ ቁጥር 4፣ ደራሲዋ ጄን ኦስተን። ግሬት ፑልትኒ ጎዳና፣ የባሪያ ንግድን የተዋጋው ዊልያም ዊልበርፎርስ። እንዲህ እያልኩ ጃንጥላዬን ወደ ኋላ እየገፋሁ፣ አንገቴን እያቀናሁ ግማሽ ቀን ዞርኩ።

ረጅም ጊዜ የቆየሁት ኒው ኪንግ ጎዳና ቁጥር 19 ነው። ዊልያም ኸርሸል ኦርጋን የሚመታ ሙዚቀኛ ነበር። እዚህ ቤት ጓሮ ሆኖ፣ በገዛ እጁ በሠራው ቴሌስኮፕ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 1781 ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት አገኘ። ቤቱ አሁን ሙዚየም ነው። ከኋላ በኩል ያለችው የሥራ ክፍሉ ጠባብ ናት፤ ወለሏ የድንጋይ ንጣፍ ነው። በዚያው ዓመት ለቴሌስኮፕ የሚሆን ትልቅ የብረት መስታወት ለማውጣት ብረት ሲያቀልጥ ቅርጹ ተሰንጥቆ የቀለጠው ብረት ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዩ በሙቀቱ እየፈነዳ ሲበተን እሱና ወንድሙ ሮጠው አመለጡ። የተሰነጠቀው ድንጋይ ዛሬም አለ። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት፤ ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። እህቱ ካሮላይን እሱ መስታወት ሲወለውል እጁን ማንሳት ስለማይችል ምግቡን ቆርሳ ታጎርሰው ነበር። በኋላ እሷም በራሷ ስምንት ጅራታም ኮከቦች አግኝታለች። "ታጎርሰው ነበር" የሚለውን ስሰማ እናቴ ትዝ አለችኝ።

ከመሀል ከተማ ወደ ምዕራብ ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ በእግሬ ሄድኩ። ፌርፊልድ ሃውስ ኬልስተን መንገድ ላይ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። ቤተ መንግሥት አይደለም። ሰፋ ያለ፣ ዛፍ የከበበው ግቢ ያለው ቤት ነው። ጃንሆይ በ1928 ዓ.ም. አገራቸውን ለቀው፣ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ተናግረው ከተመለሱ በኋላ የገዙት፣ እስከ 1932 የኖሩበት ነው። በ1958 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለአረጋውያን መጦሪያ ይሁን ብለው ለከተማዋ ሰጡት። ሰሌዳው የጃንሆይ ነው። ፊት ለፊቱ ቆሜ አነበብኩት፣ ባርኔጣዬንም አወለቅኩ።

በሩን የከፈቱልኝ ጃማይካ ተወልደው በወጣትነታቸው እንግሊዝ የመጡ አሮጊት ናቸው። "ጫማህን ጥረግና ግባ፣ ልጄ" አሉኝ፤ ሻይም ቀዱልኝ። ከኢትዮጵያ መምጣቴን ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ለጥቂት ጊዜ አልለቀቁኝም።

ከዚያ በየክፍሉ ዞርኩ። ብላቴን ጌታ በየትኛው መስኮት ወደ ውጭ ይመለከቱ ይሆን እያልኩ። የመርሐቤቴ ልጅ ናቸው፤ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው፣ ደራሲ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፣ በ1931 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃፓን ድረስ በመልእክተኝነት ሄደዋል። የሞቱት ግን እዚህ፣ በሰው አገር፣ መስከረም 1931 ዓ.ም. ነው። በመስቀል ወር። አገር ቤት አደይ አበባ በፈነዳበት። በቀብራቸው ላይ ጃንሆይ ራሳቸው ንግግር አደረጉ፤ አጽማቸው አገር የገባው ከነፃነት በኋላ ነው።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ፣ በኅዳር፣ የእንግሊዝ መንግሥት ለኢጣሊያ ወረራ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠ። ብላቴን ጌታ ያንን ሳያዩ አረፉ። የባዝ ሕዝብ ለጃንሆይ ያሳየው ደግነት እውነት ነው፤ ሰሌዳውም ይገባቸዋል። ግን በሰሌዳው ሁለት ዓመተ ምሕረቶች መካከል ያቺ ኅዳር እንዳለች አንባቢው ቢያውቅ እወዳለሁ። የሌሎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ጽፎ ለልጆች ያስቀመጠ ሰው እዚህ መሞቱንም።

ልወጣ ስል የእንግዶች መዝገብ ሰጡኝ። በአማርኛ ጻፍኩ፦ "ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ መስከረም 1931 ዓ.ም. እዚህ ቤት አረፉ።" ከሥሩ የአባቴንና የእኔን ስም።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከአንገታቸው አንስተው አጠለቁና ቁራጭ ወረቀት ፈለጉ። "ስሙን ቀስ ብለህ በልልኝ፤ ለሚመጡት ሰዎች እነግራቸዋለሁ" አሉ። ኅሩይ አልኳቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ በሦስተኛው ተሳካላቸው።