1-800 ከአዲስ አበባ ሲደወል ነጻ አይደለም

ባለፈው ጥር ለወንድሜ ሠርግ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ሄጄ ነበር። ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው የአሜሪካው ባንኬ ካርዴን ዘጋብኝ። ቦሌ ኤቲኤም ላይ ሁለቴ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ይሄ ያጋጥማል። አንድ ቀን ሙሉ የበላብኝ ግን ባንኩን በስልክ ማግኘት ነው።

የባንኩ ድረ ገጽ «ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ይደውሉ» ይላል። ቁጥሩ በ1-800 ይጀምራል። ሜሪላንድ ሆኜ ሁሌም በነጻ ነው የምደውለው። የአሜሪካ ሲሜን አውጥቼ የአገር ቤት ሲም አስገብቼ ስለነበር በሱ ደወልኩ። አልገባም። ደገምኩ፣ አሁንም የለም።

ለንደን ያለችው የአክስቴ ልጅ «በ00800 ጀምሪና ሞክሪው» አለችኝ። እሱም አልሠራም። ለምን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። +800 (በ00800 የሚደወለው) ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ነጻ መስመር ነው። ከ800 በኋላ ስምንት አኃዝ አለው፤ የአሜሪካው ሰባት ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ዓለም አቀፉም ቢሆን የሚሠራው አገልግሎቱን በተቀበሉ አገሮች ብቻ ነው። እዚያም ከሞባይል ሲደወል የሚያስከፍሉ አሉ።

ከዚያ ከባንኩ የቆየ ደብዳቤ ላይ በ1-888 የሚጀምር ሌላ ቁጥር አገኘሁ። ይሄኛው ገባ! ደስ አለኝ። መጀመሪያ ማሽኑ አናገረኝ። ቀጥሎ ሙዚቃ። «ጥሪዎ ለእኛ አስፈላጊ ነው» እያለ ደጋግሞ ያስጠብቀኛል። የ500 ብር ካርድ የሞላሁት ያኑ ጠዋት ነው። አንዲት ሴት አነሳች። ስሜን፣ የትውልድ ቀኔን ነገርኳት። «ወደሚመለከተው ክፍል ላዛውርዎ» አለችኝ። እንደገና ሙዚቃ። መሃል ላይ ተቋረጠ። ሒሳቤን ሳየው ብሩ አልቋል።

በጣም ተናደድኩ። በባንኩም፣ በራሴም። ነጻ ነው ብዬ ስላመንኩ ደቂቃውን እንኳ አልቆጠርኩም። ደግሜ ሞላሁ፣ ደግሜ ጠበቅኩ። በሁለተኛው ጥሪ ትክክለኛው ክፍል ደረስኩ። ሰውየው «ስልክዎ ላይ የማረጋገጫ ኮድ እልካለሁ» አለኝ። ኮዱ የሚላከው ወደ አሜሪካ ቁጥሬ ነው። ሲሙ ደግሞ እናቴ ቤት ሻንጣዬ ውስጥ ነው። እኔ ያለሁት ካዛንቺስ። ቆይ ብለው አልጠበቀኝም።

ነጻ ጥሪ ማለት የሚከፍል የለም ማለት አይደለም። በደዋዩ ፈንታ የቁጥሩ ባለቤት ይከፍላል። ባለቤቱ ከየት የሚመጣ ጥሪ እንደሚቀበል ይመርጣል። አሜሪካን ብቻ ከመረጠ፣ ከውጭ የደወለ ሰው አይገባለትም። ቢገባለትም ከኢትዮጵያ እስከ አሜሪካ ያለውን የሚከፍለው ደዋዩ ነው፣ በውጭ አገር ጥሪ ዋጋ። በ888፣ 877፣ 866፣ 855፣ 844፣ 833 የሚጀምሩት የአሜሪካ ነጻ ቁጥሮችም ሁሉም ያው ናቸው። እንግሊዝ አገር እንኳ 0800 ከሞባይል ነጻ የሆነው ከሐምሌ 2015 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ነው፤ እሱም አገር ውስጥ ለሚደውል።

ካርዱ ጀርባ ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ሌላ ቁጥር ነበረ። «ከአሜሪካ ውጭ ሲሆኑ ክፍያውን በእኛ ላይ አድርገው ይደውሉ» ይላል። ከሞባይል ክፍያውን በባንኩ ላይ አድርጎ የሚያገናኘኝ የስልክ ኦፕሬተር አላገኘሁም። ቁጥሩን ግን አትናቁት። በ1-800 የሚጀምር ሳይሆን የከተማ መለያ ያለው ተራ ቁጥር ነው፤ ከየትም ይገባል። በቀጥታ በኢንተርኔት መደወያ ብትደውሉ በጣም ይረክሳል። ድሮ ስካይፕ ነበረልን፤ የአሜሪካን 800 በነጻ ያስደውል ነበር። በግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ተዘጋ።

እኔን ያወጣኝ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የአጎቴ ልጅ ነው። እዚህ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ እዚያ ጠዋት 4 ሰዓት። በራሱ ስልክ 1-800 ደወለ፣ በነጻ። ስፒከር ላይ አደረገው። በሚስቱ ስልክ በዋትስአፕ እኔን ደወለልኝና ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው። ሃምሳ ደቂቃ እንደዚያ ቆየን። የአሜሪካ ሲሜንም ሌላ ስልክ ላይ አስገብቼ አጠገቤ ይዤ ነበር፣ ኮዱ ግን አልመጣም። ለምኜ በኢሜይል አስላኩት። ካርዱ ተከፈተ።

ስለዚህ የባንኩን ምክር ተዉት። ጀርባው ላይ ያለውን 800 ቁጥር ከውጭ አገር አትደውሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ተራውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ካርዱን ኤቲኤም ቢውጠው ከየት ታነቡታላችሁ? የአሜሪካ ሲማችሁን ከስልካችሁ አታውጡ። ስልካችሁ ሁለት ሲም የማይዝ ከሆነ ለአገር ቤቱ ርካሽ ስልክ ግዙ። ዋይፋይ ኮሊንግን (በራሳችሁ ቁጥር በዋይፋይ በኩል የሚያስደውለውን የስልክ ቅንብር) እዚያው አሜሪካ ሳላችሁ አብሩት። ብዙዎቹ የአሜሪካ ስልክ ድርጅቶች ከውጭ ሆናችሁ በዋይፋይ ወደ አሜሪካ ስትደውሉ እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ነው የሚቆጥሩላችሁ። ሮሚንግ ላይ ሆናችሁ፣ ማለትም የአሜሪካ ሲማችሁ በውጭ አገር ኔትወርክ እየሠራ፣ 800 መደወል ግን ሌላ ነው፤ በደቂቃ ያስከፍላችኋል።

ስመለስ ለባንኩ ጻፍኩለት። ተራውን ቁጥር በትልቁ አትሙልን አልኩ። አመሰግናለሁ የሚል መልስ መጣ። በሚያዝያ አዲስ ካርድ ላኩልኝ። ጀርባውን ገልብጬ አየሁት። 1-800 በትልቁ፣ ሌላው በደቃቁ፣ እንደነበረ ነው።