ካታንጋ፦ ከካርታ የጠፋችው ክፍለ ሀገር

አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ የሚወድ ሰው ካታንጋ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ስታዲየሙ ነው። የዴሞክራቲክ ኮንጎዋን ካታንጋ ግን ዛሬ ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። በ2015 አራት ቦታ ተከፋፍላለች (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ደግሞ ካርታ ካየሁ ስልኩን የማላስቀምጥ ሰው ነኝና፣ የዚችን ክፍለ ሀገር ታሪክ ስከታተል ብዙ ሌሊት አምሽቻለሁ።

መጀመሪያ መሬቱን እንይ። ካታንጋ የኮንጎ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ናት፤ ስፋቷ ወደ 497 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የኢትዮጵያን ግማሽ ልታክል ትንሽ ነው የቀራት። ኮንጎ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ጥቅጥቅ ያለ ደን እዚህ የለም። ደጋማ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ሳሳ ያለ፣ በጋና ክረምቱ የለየለት። ከሁሉ የሚገርመኝ የደቡቡ ድንበር ነው። ከዛምቢያ ጋር የሚለያት መስመር ረጅም መንገድ የሚሄደው በውኃ መክፈያው ላይ ነው፦ ከመስመሩ ወዲህ የጣለው ዝናብ በኮንጎ ወንዝ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል፣ ወዲያ የጣለው በዛምቤዚ በኩል ህንድ ውቅያኖስ። አውሮፓ ቁጭ ብለው ያሰመሩት ሰዎች መዳቡ ከመስመሩ በሁለቱም በኩል እንዳለ በቅጡ አላወቁም ነበር። ለዚህ ነው ዛሬ ሁለቱም አገሮች መዳብ የሚያወጡት።

ከዚያ ደግሞ ያቺ ጉደኛ ምላስ አለች። ከካታንጋ ተነስታ ዛምቢያ ሆድ ውስጥ የምትገባ ቀጭን መሬት ናት፤ ዛምቢያን ለሁለት ልትከፍላት ምንም አልቀራት። ከሙፉሊራ ተነስቶ ወደ ማንሳ የሚሄድ ዛምቢያዊ አቋራጩን ከፈለገ በሞካምቦ ኬላ ኮንጎ ይገባል፣ 70 ኪሎ ሜትር ያህል በሰው አገር ይነዳል፣ ከዚያ ሉዋፑላ ወንዝን ተሻግሮ ቼምቤ ላይ እንደገና አገሩ ይገባል። ከራስ አገር ወደ ራስ አገር ለመሄድ ፓስፖርት! ካልፈለገ በደቡብ ዞሮ መሄድ ነው፣ እሱም ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጨምርበታል።

አስተዳደሩ ላይ ስንመጣ፣ ካታንጋን መጀመሪያ ያስተዳደራት ኩባንያ ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። የአካባቢው ኃያል ንጉሥ ምሲሪ በ1891 በቤልጂየሙ ንጉሥ ሊዮፖልድ ዘማቾች ተገደለ። ከ1900 ጀምሮ መሬቱን የያዘው የካታንጋ ልዩ ኮሚቴ የሚባለው ነው፤ ግማሽ መንግሥት ግማሽ ኩባንያ፣ የራሱ ፖሊስ ሳይቀር ነበረው። ቤልጂየም አስተዳደሩን የተረከበችው በ1910 ነው። በዚያው ዓመት የባቡር ሐዲዱም ኤሊዛቤትቪል ገባ፣ የዛሬዋ ሉቡምባሺ ማለት ነው። ከየት መጣ? ከደቡብ፣ ከእንግሊዞቹ ሮዴዥያ (የዛሬዎቹ ዛምቢያና ዚምባብዌ)። የአገሪቱ ዋና ከተማ ኪንሻሳ ደግሞ በአየር ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ሰዓቱ እንኳን አንድ አይደለም፤ ሉቡምባሺ ከኪንሻሳ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። እንግዲህ ሐዲዱም ንግዱም ወደ ደቡብ ከሆነ፣ ልብ ወዴት ይሄዳል?

የመሃሉ መንግሥት ይህን ያውቃል፣ መድኃኒቱም ሁሌ አንድ ነው፦ ስም መቀየር ወይም መቁረጥ። በ1933 ሥልጣኑን ወደ ሊዮፖልድቪል (የዛሬዋ ኪንሻሳ) ሰብስበው ስሟን የኤሊዛቤትቪል ክፍለ ሀገር አሉት፣ በ1947 ካታንጋ ብለው መለሱላት። ሐምሌ 1960 ላይ ኮንጎ ነፃ ከወጣች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ የክፍለ ሀገሩ መሪ ሞይስ ቾምቤ ካታንጋን ገነጠልኩ አለ። ባንዲራው ላይ ሦስት የመዳብ መስቀሎች ነበሩ። መስቀል ስላችሁ የሃይማኖት እንዳይመስላችሁ፤ ድሮ በአካባቢው እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረ፣ ቀልጦ የተሠራ መዳብ ነው።

እዚህ ላይ እኛም አለንበት። የተባበሩት መንግሥታት ጦር ውስጥ የኢትዮጵያ ወታደሮች ካታንጋ ዘምተዋል። መገንጠሉ ጥር 1963 ላይ ሲያበቃ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ የነበሩት የእኛው ሌተናል ጄኔራል ከበደ ገብሬ ናቸው። ይህን የማያውቅ ወጣት ብዙ ነው፣ አልፈርድበትም፣ ማን ነገረው?

ከዚያ በኋላ ካታንጋ ሦስት ቦታ ተከፈለች፦ ሰሜን ካታንጋ፣ ሉዋላባ፣ ምሥራቅ ካታንጋ። የጦር አዛዡ ሞቡቱ የአገሪቱን ሥልጣን ከያዘ በኋላ በ1966 መልሶ ገጠማት፣ ቀጥሎ ሻባ አላት፣ በስዋሂሊ መዳብ ማለት ነው። ሞቡቱ ሲወድቅ በ1997 ካታንጋ ተመለሰች። የ2006ቱ ሕገ መንግሥት አገሪቱን 26 አድርጎ ሊከፍል ሦስት ዓመት ቀጠሮ ያዘ፣ የተፈጸመው ግን በ2015 ነው። ካታንጋም አራት ሆነች፦ ኦ ካታንጋ፣ ሉዋላባ፣ ኦ ሎማሚ እና ታንጋኒካ (ኦ በፈረንሳይኛ ላይኛው ማለት ነው)። ሉዋላባ የሚለው ስም አዲስ የመሰለው ሰው ካለ፣ ከላይ ያለውን ደግሞ ያንብበው።

ምክንያቱ አስተዳደርን ወደ ሕዝብ ማቅረብ ነው ተባለ። ይሁን። ኪንሻሳ ግን አንዲት ሀብታም ክፍለ ሀገር ከአንድ ገዥ ጋር ፊት ለፊቷ ቆማ ከምታይ፣ አራት ትንንሾች ቢሆኑላት እንደምትመርጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የተጎዱት ደግሞ ሰሜኖቹ ናቸው። ትልልቆቹ የመዳብና የኮባልት ማዕድኖች በሉቡምባሺ እና በኮልዌዚ በኩል፣ ማለትም በኦ ካታንጋ እና በሉዋላባ ቀሩ። ኦ ሎማሚ የቀረላት እርሻና የኡፔምባ ሐይቆች ዓሣ ነው፣ ታንጋኒካ ደግሞ ሐይቋና የካሌሚ ወደብ። ድሮ ቢያንስ በአንድ ካዝና ነበሩ። አሁን ለካሚና ሰው፣ ለኦ ሎማሚ ዋና ከተማ ነዋሪ ማለት ነው፣ የኮልዌዚ መዳብ የሌላ ክፍለ ሀገር ሀብት ሆኗል።