ሀሳብ አታብዢ

ዛሬም አፌ መረረኝ። ከመድኃኒቱ ነው። ብጉመጠመጥ፣ ጥርሴን ብቦርሽ፣ ሳንቲም ስመጥ የዋልኩ ይመስል ጣዕሙ ከምላሴ አልለቅ ብሏል። ከመሸ ወዲህ ደግሞ እንዲሁ ሆድ ብሶኛል፤ ማንም ምንም አላለኝም፣ ብቻ ሆድ ብሶኛል። እንቅልፍም እንቢ ሲል ስለዚህ ምሬት ትንሽ ልጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ጨጓራዬ ውስጥ ኤች ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ ተገኝቶ ነው፦ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክና አንድ አሲድ መቀነሻ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። ሐኪሙ «አንድም ቀን እንዳታቋርጪ» ብለውኛል። ከተቋረጠ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ክላሪትሮማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ የማይበግረው ኤች ፓይሎሪ በብዙ አገር እየበዛ ነው። ስለዚህ ቢመርም እውጣለሁ።

ኪኒኖቹን መዳፌ ላይ አድርጌ ሳያቸው ግን እማዬ መጣችብኝ።

የእማዬን ጨጓራ ታውቁታላችሁ። ሌሊት ትነሳና አልጋው ጫፍ ላይ ጉልበቷን ወደ ሆዷ ሰብስባ፣ እጇን ከጎድን አጥንቷ ሥር ጫን አድርጋ ትቀመጣለች። ሐኪም ቤት ሄዳ ይዛ የምትመለሰው የሚጠጣ ነጭ መድኃኒትና አንድ ምክር ነበር፦ ሀሳብ አታብዢ። ጎረቤቱም፣ ዘመዱም የሚላት ይህንኑ ነው። ታዲያ የሚያሳስባት ማን ነው? እኛው ነና። ስንጣላ «ጨጓራዬን ላጣችሁት» ስትለን ታናሼ እውነት መስሎት ጥግ ይዞ ያለቅስ ነበር። እኔ አላለቅስም እንጂ እኔም አምኜ ነበር። ለዓመታት አምኜ ነበር።

እንዲህ የሚሉት እነሱ ብቻ አልነበሩም። የዓለም ሕክምናም የጨጓራ ቁስለት ከጭንቀትና ከአሲድ ነው ይል ነበር፤ በዚያ ሁሉ አሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ብሎ የሚያምን ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 አውስትራሊያ ፐርዝ ውስጥ ሮቢን ዋረን የሚባል ፓቶሎጂስት (ከሰውነት የተወሰደ ናሙና የሚመረምር ሐኪም) ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠምዘዝ ያሉ ባክቴሪያዎችን አየ። በኋላ አብሮት የሠራው ወጣቱ ሐኪም ባሪ ማርሻል ነው። ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማብቀል ደጋግመው ሞክረው አልሆነም፤ በ1982 የፋሲካ እረፍት ላይ ግን የማብቀያ ሳህኖቹ ከወትሮው በላይ ሳይነኩ ቆዩና በቀለ። በ1984 ማርሻል በሽታ እንደሚያመጣ ለማሳየት ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣው። በቀናት ውስጥ ያስመልሰው ጀመር፣ የአፉ ጠረን ተለወጠ፣ በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ፣ ሲታይም ጨጓራው ተቆጥቷል። በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከእነሱ በፊት የነበረው ነው። ጆን ሊኩዲስ የሚባል ግሪካዊ ሐኪም ከ1958 ጀምሮ የቁስለት ሕሙማንን በአንቲባዮቲክ ያክም ነበር። ጽሑፉን የሚያትምለት አጣ፣ ይባስ ብሎ ተቀጣ፣ በ1980 ሞተ። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ! ስንቱ ሰው በዚያ መሀል ጨጓራው ተቆርጦ ወጥቷል፣ ስንቱስ ሀሳብ አታብዛ ተብሎ ወደ ቤቱ ተሸኝቷል።

የእኔ ምርመራ ደግሞ እስትንፋስ ብቻ ነበር። ካርቦኑ ምልክት የተደረገበት ዩሪያ የሚባል ውህድ ያለበት ፈሳሽ አጠጡኝ፣ ጥቂት አስቆዩኝ፣ ከዚያ ከረጢት ውስጥ አስተነፈሱኝ። ይህ ባክቴሪያ ዩሪየዝ በሚባል ኢንዛይም ዩሪያን ይሰብረዋል። የሚወጣው አሞኒያ ዙሪያውን ያለውን አሲድ ያበርድለታል፤ የሚኖረውም በዚያ ነው። አብሮ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በደም ወደ ሳንባ ይሄድና በትንፋሽ ይወጣል። ያ ምልክት የተደረገበት ካርቦን ከረጢቱ ውስጥ ከተገኘ ባክቴሪያው አለ ማለት ነው። ይኸው ነው። አይቆርጡሽ፣ አይወጉሽ። ለእማዬ ይህን ያደረገላት የለም።

ባክቴሪያውን ከተሸከሙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። በአንዳንዱ ግን ያቆስላል፣ በጥቂቱ ደግሞ ለዓመታት የተቆጣው ጨጓራ ወደ ካንሰር ይሄዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። ከአይረን እጥረት ደም ማነስ ጋርም ይያያዛል። ይህን ሳነብ የእማዬ የገረጣ ከንፈር ፊቴ ድቅን አለ። ለደም ማነሷ ሌላ ኪኒን ይሰጧት ነበር፤ ሁለቱን በሽታ አንድ ላይ ያያቸው ሰው አልነበረም።

ደግሞ ላይሆንም ይችላል። ለራስ ምታቷ የማስታገሻ ኪኒን ታዘወትር ነበር፤ እነ አስፕሪንና አይቡፕሮፌንም ጨጓራ ያቆስላሉ። ሀሳብም ቢሆን ሕመሙን ያባብሰዋል እንጂ ዝም ብሎ አያልፍም። ሳትመረመር ስለሄደች እርግጡን ማወቂያ የለኝም። እንደው ግን ባክቴሪያው ቢሆንስ? አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ እቤቱ ውስጥ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከእናት። ከኩባያዋ ስታስጎነጨን፣ ሲያስመልሰን አፋችንን በእጇ ስትጠርግልን። እኛ በሀሳብ አሳመምናት ብለን ስንሳቀቅ ያደግን ልጆች፣ ምናልባት ሕመሙን ከእሷ ነው የወሰድነው።

እሷ ብትሰማ ይህን አትችለውም ነበር። እኔ ግን ቅር አላለኝም፤ እውነቴን ነው።

ነገ ለታናሼ እደውልለታለሁ። እሱም በዚያው ቤት ያደገ ነውና ይመርመር፣ ሰሞኑን ሆዴን ያቃጥለኛል ይላል። መጠየቁ ግን አይቀርም፣ ሁሉን ነገር ከሥሩ ካልጠየቀ አይወድም። «ከየት አመጣሽው?» ቢለኝ ምን ልበለው?