ፕሌይ ተጭኖ ዝም ሲል
ዛሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ በዚያ ሙቀት መሃል፣ ከዊንዶውስ ጎን ኡቡንቱ (ሊኑክስ) የተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ስቲም የሚባለው የጌም መደብር ጌም አልከፍት አለ። "ፕሌይ" ሲባል ለሰከንድ ያስባል፣ ተመልሶ "ፕሌይ"። ምን እንደሆነ እንኳ አይጽፍም!

ሰው ፕሮቶንን (ስቲም የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬድበትን) ይራገማል፤ ጥፋቱ ግን የፓርቲሽኑ፣ ማለትም የዲስኩ ክፍል ነው። ጌሙ ያለው ኤንቲኤፍኤስ (የዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ) ላይ ነው፤ ፕሮቶን ደግሞ የጌሞቹን ሴቲንግና ፋይል በሚያኖርበት ኮምፓትዳታ ፎልደር ውስጥ "ሲ:" የሚል፣ ሁለት ነጥብ ያለበት ሊንክ ይፈጥራል። ዊንዶውስ እንዲህ ያለ የፋይል ስም አይቀበልም፤ ጌሙም የማይነሳው ለዚህ ነው። ጌሙን ወደ ኤክስት 4 (የሊኑክስ) ፓርቲሽን አዛውሩት። ቦታ ከጠበበ ኮምፓትዳታን ብቻ ወደዚያ ወስዳችሁ በሲምሊንክ (ወደ አዲሱ ቦታ በሚጠቁም ሊንክ) አገናኙት። የዊንዶውሱን ፋስት ስታርትአፕም (ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን) አጥፉ፤ አለዚያ ፓርቲሽኑ ለንባብ ብቻ ይከፈታል።

ዳታ ለሚቆጥብ፦ የስቲም ሴቲንግ ገብቶ ሼደር ፕሪካሺንግን (የግራፊክስ ፋይሎችን ቀድሞ ማውረዱን) ማጥፋት ነው (መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይቆራረጣል፣ ይለመዳል)። ፎርትናይትና ቫሎራንትን ግን እርሱት፤ አንቲቺታቸው (ማጭበርበር የሚከላከለው ፕሮግራም) ሊኑክስን አያስገባም።