«ራምፑ አይሠራም»

አውቶቡስ ዴፖ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ሾፌሮች በጠዋት ፍተሻ ቅጽ ላይ ከሚጽፉት ሁሉ እንደዚህኛው ያሰለቸኝ የለም፦ «ራምፑ አይሠራም።»

መኪኖቻችን ዝቅተኛ ወለል ያላቸው ናቸው። መካከለኛው በር ላይ ራምፕ አላቸው፤ ዊልቸር የሚወጣበት፣ በእጅ የሚገለበጥ ተዳፋት ሳንቃ ነው። ኤሌክትሪክ የለው፣ ሞተር የለው። እጀታውን ስበህ ወደ ውጭ ትገለብጠዋለህ፣ አለቀ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ማጠፊያው ነው። እሱም ቢሆን ሳይዘረጋ ስለሚከርም አሸዋና ጭቃ ይደርቅበታል እንጂ መበላሸት እንኳ አይባልም። ብሩሽና ትንሽ ግሪስ ይበቃዋል።

ቅጹ ይመጣል። ሄጄ እጀታውን እስባለሁ። ይዘረጋል። መልሼ አጥፈውና «ተፈትሿል፣ ይሠራል» ብዬ እፈርማለሁ። በሳምንቱ ያው መኪና፣ ያው ጽሑፍ። እኛ ጋራዦች «ጎንበስ ማለት ከብዷቸው ነው» እንላለን። ሾፌሮቹ ደግሞ «ጋራዥ የሚያውቀው መፈረም ብቻ ነው» ይላሉ።

እንዲህ ስንባባል ቅሬታ መጣ። ጻፊዋ ዊልቸር የምትጠቀም፣ ጠዋት ጠዋት በአንዱ መስመራችን ሥራ የምትሄድ ተሳፋሪ ናት። አንዱ ሾፌር አይቶ እንዳላየ ያልፋታል። ሌላው ቆሞ በሩን ይከፍትና «እህቴ፣ ራምፑ አይሠራም፣ የሚቀጥለውን ጠብቂ» ይላታል። የሚቀጥለውም ያንኑ ይደግማል። ጎበዝ ናት፣ የመኪኖቹን የጎን ቁጥር አንድ በአንድ ጽፋለች። ከመዝገቡ ጋር ሲታይ ሁሉም «ይሠራል» ተብለው የተፈረመባቸው ናቸው።

የስምሪት ኃላፊው ደብዳቤውን ይዞ ጋራዥ ድረስ መጣ። «አንተ ይሠራል ትላለህ፣ እነሱ አይሠራም ይላሉ። ሂድና ፌርማታው ላይ ቆመህ እየው» አለኝ።

ሄድኩ። ራሴን አስተዋወቅኳት። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «እኔ እኮ መካኒክ ላኩልኝ አላልኩም» አለች። ምን እንደምመልስ ግራ ገብቶኝ ሳለ አውቶቡሱ መጣ።

ፌርማታው አፍ ላይ አንድ የቤት መኪና ቆሟል። አውቶቡሱ እሱን አልፎ ወደ ጠርዙ ለመግባት ቦታ አላገኘም፤ ከእግረኛ መንገዱ ራቅ ብሎ አስፋልቱ ላይ ቆመ። የያዘው በዕድሜ የገፋ ሾፌር ነው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው። ሲያየኝ ሳቀ። «መጣህ? በል አንተው ዘርጋው» አለኝ።

ሳብኩት። ምንም ሳያንገራግር ተዘረጋ። ጫፉ ግን ዱብ ያለው አስፋልቱ ላይ ነው። ልጅቷ ያለችው ደግሞ ከጠርዙ በላይ፣ እግረኛ መንገዱ ላይ። መጀመሪያ ከጠርዙ መውረድ፣ ከዚያ ይህንን ዳገት መውጣት ሊኖርባት ነው። ዳገት ያልኩት ሳላጋንን ነው፤ እኔ ራሴ በእግሬ ስወጣው እጀታ ይዤ ነው።

«እስቲ ንገረኝ፣ ይሄ ይሠራል ነው የሚባለው?» አለችኝ።

ጋሼም ከመሪው ሳይነሳ ጣልቃ ገባ። አንድ ጊዜ በዚሁ ራምፕ ላይ አንድ ወጣት ሲወጣ ዊልቸሩ ወደ ኋላ ተነስቶበት በጭንቅ ነው ያተረፈው። «ከዚያ ወዲህ አልነካውም። ቅጹ ላይ ‘ይዘረጋል ግን ሰው ይገለብጣል’ የሚል ሳጥን ካለ አሳየኝ» አለኝ። ሳጥኑ የለም። ያለው «ይሠራል» እና «አይሠራም» ብቻ ነው። ሰውየው አልዋሸም።

ከሰዓት በኋላ ሜትር ይዤ ወለሉን ለካሁ። በሩ ላይ ከመሬት 32 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ራምፑ 90 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። አስፋልት ላይ ሲያርፍ እንግዲህ በየ3 ሴንቲ ሜትሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። ለሕንፃ መግቢያ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ 1 ለ12 ነው።

አሁን ሌላውን ስሌት እዩ። የፌርማታው ጠርዝ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው። መኪናው ደግሞ ጎኑን ዝቅ ማድረግ ይችላል፤ ሾፌሩ ማብሪያውን ሲጫን ሰስፔንሽኑ አየር ይተነፍስና በሩ ያለበት ጎን ወደ 7 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። ተጠግቶ ቆሞ ጎኑን ካወረደ የሚቀረው ከፍታ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። 1 ለ9። አንድ ብሎን ሳይነካ፣ ያው ራምፕ።

ታዲያ ለምን አይጠጉም? ለምንስ አያወርዱም?

ሾፌሮቹን ሻይ ላይ ጠየቅኳቸው። ቢሮ ውስጥ ቢሆን አይነግሩኝም ነበር። ጎማ ነው አሉኝ። ጠርዙን ታክኮ የጎማው ጎን ከተላጠ ሾፌሩ ይጠየቃል፣ ከደመወዙም ሊቆረጥ ይችላል። ርቆ በመቆሙ ግን ማንም ተጠይቆ አያውቅም። እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ? ይህ ችግር እኛ ጋ የተጀመረ አይደለም። የጀርመኗ ካስል ከተማ ስሟን ያወረሰችው የጠርዝ ድንጋይ አለ፤ ፊቱ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ጎማው ተደግፎበት እየተንሸራተተ ይገባል፣ ሾፌሩም ሳይፈራ ይጠጋል። እኛ ጋ ድንጋዩ ቀጥ ያለና ስለታም ነው።

ጎን ማውረዱ ደግሞ የእኛ የጋራዦች ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ከወረደ በኋላ ተመልሶ እስኪነሳ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ አሠራሩ ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ጥቂት ሰከንድ ነው። ያ መስመር ላይ የሚሠሩት አንዳንዶቹ ግን አየር ያፈሳሉ። የሳሙና አረፋ ቀብቼ ፈለግኩት፤ ቱቦው ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ፉቅ ፉቅ ይላል። አየሩ ተመልሶ እስኪሞላ ሾፌሩ ከኋላ ጥሩንባ ይነፋበታል፣ ከውስጥ ተሳፋሪ ይጮህበታል፣ ማታ ደግሞ የዘገየበት ሰዓት በስሙ ይመዘገባል። ይህንን «ቀስ ብሎ ይነሳል» ብሎ የጻፈ አንድም ሾፌር የለም። ሁሉም የጻፉት ያንኑ የፈረደበትን ራምፕ ነው።

ቱቦዎቹን ቀየርን። ይሄ ቀላሉ ነበር። የጎማውን ነገር ማስነሳት ግን ጭቅጭቅ ጠየቀ። የንብረት ክፍሉ «ነገ ሁሉም ጎማውን ልጦ ፌርማታ ላይ ነው የተላጠው ይለናል» ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ፌርማታ ላይ የሚደርስ የጎን መላጥ ከሾፌሩ ሂሳብ ወጣ። ራምፕ የተዘረጋበት ጊዜም ከመዘግየት እንዳይቆጠር ስምሪት ፈቀደ። እኔ ይህንን ከራምፕ ጥገና ለይቼ አላየውም። ሰዓቱ ካልፈቀደ ሾፌሩ ራምፑን አይነካውም፤ ወርቅ ቢለበጥም።

ቅጹም ተቀየረ። አሁን ጠዋት ከዴፖ ሳይወጡ ራምፑን ዘርግተው፣ ጎኑን አውርደውና አንስተው ነው የሚፈርሙት። በየቀኑ ሲዘረጋ ጭቃውም አይደርቅም። በአሜሪካ ደንብ የአውቶቡስ ሊፍት፣ ማለትም ዊልቸሩን ወደ ውስጥ የሚያነሳው መሣሪያ፣ የተበላሸበት ሾፌር ወዲያው ማሳወቅ አለበት። ድርጅቱ ተለዋጭ መኪና ከሌለው፣ ከ50,000 በላይ ሕዝብ ባለበት አካባቢ መኪናውን እንደዚያው ማሠራት የሚችለው ቢበዛ 3 ቀን ነው። ስብሰባ ላይ ይህንን ሳነሳ አንዱ አለቃ «እኛ አሜሪካ አይደለንም» አለኝ። አይደለንም። ሦስት ቀን ግን የትም ሦስት ቀን ነው።

የቤት መኪናዎቹ እስካሁን ፌርማታው አፍ ላይ ይቆማሉ። እሱ ከእኛ አቅም በላይ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ያለ ቀን ይነሳሉ፣ በሌለ ቀን ይመለሳሉ።

ልጅቷ በቅርቡ ደውላ ነበር። ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ አነሳሁት። አሁን መውጣቱን ትወጣለች፤ ስትገባ ግን የዊልቸር ቦታው ላይ ሻንጣና የሕፃን ጋሪ ተደርድሮ ታገኘዋለች። ሾፌሩ አንዴ «እስቲ ልቀቁላት» ይላል፣ ዝም ሲሉት እሱም ዝም ይላል። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ ወስኖ ነበር፤ ሾፌሩ አንዴ ጠይቆ እምቢ ሲሉት መተው የለበትም፣ እንዲለቁ ሊያደርግ የሚችለውን መሞከር አለበት ብሎ። ይህንን ጽፌ ከቅሬታዋ ጋር ለስምሪት ላክሁ።

በማግስቱ ወረቀቱ ተመልሶ መጣ። ጥግ ላይ «ለጋራዥ፦ ታይቶ ይስተካከል» የሚል ተጽፎበታል።