የአክስቴ ቦሎቄ

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። ዘጠነኛ ክፍል ናት። «ጋሼ፣ ፊዚክስ ግን ምንድን ነው?» አለችኝ። ትርጉሙን በእንግሊዝኛ ሸምድዳዋለች፤ ቁስ አካልንና ኢነርጂን የሚያጠና ሳይንስ። ለፈተና ይበቃታል። እኔም በሷ ዕድሜ ከዚያ አላልፍም ነበር።

አፌን ሳልከፍት የአክስቴ ድምፅ ከጓዳ መጣ። ሰሞኑን ከአዲስ አበባ መጥተው እኛ ጋ ናቸው። «የሐዋሳ ውኃ እኮ ይለያል! ቦሎቄው ቶሎ ነው ድቅቅ የሚለው።»

እሱን ያዝኩ። ውኃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል የሚባለው ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው ነው። ከፍ ባልን ቁጥር ከላይ የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ ውኃውም ብዙ ሳይግል ይፈላል። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውኃችን 94 ዲግሪ አካባቢ ይንፈቀፈቃል። ከ2,300 ሜትር በላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን 92 ገደማ ላይ። ቦሎቄው እዚህ ቶሎ የሚበስለው እንግዲህ በከፍታው እንጂ በውኃው አይደለም አልኳት። አንዴ ከፈላ እሳት ብትጨምሩበት ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይግልም። ፕሬዠር ኩከር የሚረዳው ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል።

«ይሄ ወጥ መሥራት አይደል እንዴ?» አለች ልጅቷ።

ነው። ከሰዓት ላይ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም ፊዚክስ ነው፤ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚግል። ኒውተን በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ የሚወድቅ ድንጋይንና የምትዞር ጨረቃን በአንድ ሕግ አሰራቸው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ለጓዳ ሌላ፣ ለሰማይ ሌላ ሕግ የለም። (ሽንኩርቱ ስንት ይሁን ለሚለው ግን አክስቴ ይሻላሉ።)

እሷ ግን አልለቀቀችኝም። «ውኃው አለመሆኑን በምን አወቅህ?»

ዝም አልኩ። ልክ ናት። ካልሲየም የበዛበት ውኃ ጥራጥሬ ቶሎ እንዳይበስል ያደርጋል። ቦሎቄው ራሱ ከከረመም ይደርቃል። ቁጥሮቼ ትክክል ቢሆኑም የአክስቴን ድስት አልለካሁም። ለካ ደብተሯ ላይ ያልተጻፈው የፊዚክስ ትርጉም ይሄኛው ነው፤ ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትተህ አንዱን ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ለካ።

ተስማማን። አክስቴ በሚቀጥለው ሲመጡ አንድ ጀሪካን የአዲስ አበባ ውኃ ይዘው ይመጣሉ። ያው ቦሎቄ፣ ያው ድስት፣ ያው ምድጃ። ሰዓት የምትይዘው ልጅቷ ናት።

«ምን አደከማችሁ፣ ውኃው ነው» ብለው ገቡ አክስቴ።